ከአንኮበር ወፍጮ እስከ ደብረ ብርሃን ብቅል፦ በትምህርት ልውውጥ ማን ምን ይዞ ተመለሰ?

የምግብ ሳይንስ ተማሪዎችን ወደ ውጭ ስለ መላክና ከውጭ ስለ መቀበል ሲወራ ወሬው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከመግባቢያ ሰነድ ፊርማ ነው። ሁለት ፕሬዚዳንቶች ይጨባበጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ዜናው በዩኒቨርሲቲው ገጽ ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ ስለሆነው የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው።

ሰሜን ሸዋ ይህን "ከዚያ በኋላ" ለመመርመር ይመቻል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ2007 ነው። ስለ እህልና ስለ ምግብ ከፈረንጅ ጋር የሚደረገው የዕውቀት ልውውጥ ግን በዚህ አካባቢ ከዚያ ከ160 ዓመታት በላይ ቀድሞ ተጀምሯል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩን ከአንኮበር ጀምሮ እስከ ሐረማያ፣ እስከ አዲስ አበባና እስከ ወሎ ተከትሎ የሄደ ሰው ደጋግሞ የሚያገኘው አንድ ጥያቄ አለ፦ ዕውቀቱ ከሰው ጋር ተመልሶ መጣ ወይስ በሄደበት ቀረ?

የአንኮበሩ ወፍጮ

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን ሲገዙ አንኮበር ዋና መናገሻቸው ነበረች። ንጉሡ የእጅ ሙያ ያለውን የውጭ ሰው ያስጠጉ ነበር። ከእነዚህ ባለሙያዎች አንዱ፣ ዲሜጥሮስ የተባለ አልባኒያዊ፣ በውኃ ኃይል የሚዞር ወፍጮ ሠራላቸው።

በዚያ ዘመን የግቢው ግብር ዱቄት ሁሉ የሚወጣው ከሴቶች ክንድ ነበር። ሴቶች በወፍጮ ድንጋይ ላይ ጎንበስ ብለው በመጅ ሲፈጩ ያድራሉ፤ በማግስቱም ያው ነው። ውኃ ያንን ድካም ሊሸከም መጣ። ካህናቱ ግን "የሰይጣን ሥራ ነው" አሉ፤ ወፍጮውም ቆመ። በ1841 ወደ ሸዋ የመጡት የእንግሊዝ መልእክተኞች ታሪኩን ጽፈውታል።

ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ የሚነገረው የካህናቱን ኋላ ቀርነት ለማሳየት ነው። ይሁን እንጂ ሌላም ነገር ያሳያል። በታሪኩ ውስጥ ንጉሥ አለ፣ ሠሪ አለ፣ ካህናት አሉ። ተማሪ ግን የለበትም። ውኃው ድንጋዩን እንዴት እንደሚያዞር አይቶ የተረዳ፣ ድንጋዩ ሲልስ የሚወቅር፣ "ሰይጣን የለበትም፣ ኑና እዩ" ብሎ ለእናቱና ለንስሐ አባቱ የሚያስረዳ የአንኮበር ልጅ አይታይም። ክርክሩ በአንድ ባዕድና በካህናት መካከል ሆነ። እንዲህ ባለው ክርክር ባዕዱ እንደሚሸነፍ የታወቀ ነው።

ተመዝግቦ የሄደ ዕውቀት

ከቦምቤይ የተላከው ካፒቴን ዊልያም ኮርንዎሊስ ሃሪስ በኅዳር 1841 ከሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም በ1843 የራሱን አገር ውል አስፈረመ። በታሪክ መጽሐፍ ጎልተው የሚታዩት ውሎቹና በስጦታ የመጡት የጦር መሣሪያዎች ናቸው።

ከሃሪስ ጋር የመጡት ሰዎች ግን ወታደሮች ብቻ አልነበሩም። የተፈጥሮ ተመራማሪው ሮት፣ ሠዓሊው ቤርናትስ፣ ካፒቴን ዳግላስ ግራሃምም ነበሩበት። ግራሃም ስለ ሸዋ እርሻና የመሬት ምርት ዘገባ አዘጋጅቶ በቤንጋል የኤዥያ ማኅበር መጽሔት ላይ በ1844 አሳትሟል። የአንኮበር ገበሬ ምን እንደሚዘራ ካልካታ የተቀመጠ አንባቢ በጽሑፍ ማወቅ ቻለ ማለት ነው።

ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ1876፣ ማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚመሩት የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ቡድን ሸዋ ደረሰ። ምኒልክ ከአንኮበር ብዙም በማይርቀው ልጥ ማረፊያ ቦታ ሰጧቸው። እዚያ የምርምር ጣቢያ ተቋቋመ፤ አእዋፍ፣ እንስሳትና ዕፅዋት ተሰበሰቡ፣ ተመዘገቡ፣ ወደ ጣሊያን ተላኩ። አንቲኖሪም በ1882 እዚያው ሞተው እዚያው ተቀበሩ።

እነዚህ ሰዎች የጻፉት ዛሬም ይጠቅማል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሸዋ ምን ይበላ እንደነበር ለማወቅ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ እነሱን ማንበቡ አይቀርም። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፤ የገዛ አገሩን እህል ታሪክ ለማንበብ የባዕድ ቤተ መጻሕፍት ደጅ መጥናት አለበት። ልጥ ማረፊያ የምርምር ጣቢያ ነበረች፤ ትምህርት ቤት አልነበረችም።

ኦክላሆማና ሐረማያ

ተማሪው ወደ ታሪኩ በሰፊው የገባው ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1950 የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት ኢትዮጵያን ጎብኝተው ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተነጋገሩ። ቤኔት ብዙም ሳይቆዩ "ፖይንት ፎር" የተባለው የአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ ፕሮግራም የመጀመሪያ ኃላፊ ሆኑ። በታኅሣሥ 1951 ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ቢሞቱም ሐሳቡ አልሞተም። በግንቦት 1952 ውሉ ተፈረመ። ትምህርቱ በጅማ ጀመረ፣ በ1956 ወደ ሐረማያ ተዛወረ፣ ኮሌጁም በጥር 1958 በንጉሠ ነገሥቱ ተመረቀ።

የዚህ ስምምነት ብልሃት በሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬ ማድረስን በአንድ ጣሪያ ሥር አስቀመጠ። ሁለተኛ፣ ልውውጡ መጨረሻ ነበረው። የኦክላሆማ መምህራን መጥተው ያስተምራሉ፤ የሚመረቁት ወጣቶች አሜሪካ ሄደው ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ይይዛሉ፤ ተመልሰው የፈረንጁን ወንበር ይረከባሉ። ውሉ በ1968 ሲያበቃ ኮሌጁ አልተዘጋም። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው እሱ ነው።

የጎደለው ነገርም መነሳት አለበት። የዚያ ዘመን ትኩረት ማሳና በረት ላይ ነበር። ሰብሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን፣ እህሉ ሲቦካ፣ ሲቆላ፣ ሲፈጭና ሲጋገር በውስጡ ምን እንደሚለወጥ የሚያጠናው የምግብ ሳይንስ ራሱን ችሎ ትምህርት ክፍል የሆነው ብዙ ቆይቶ ነው። ማሳው ዶክተር ሲያገኝ ጓዳው ገና ይጠብቅ ነበር።

"ፋፋ" የተባለ ውጤት

የጓዳው ጥያቄ ከሌላ በር ገባ፤ ከሕፃናት ሆስፒታል። በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ኋላም ከሌሎች ተቋማት ጋር ተዋህዶ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚባለው ውስጥ ይገኛል።

የስዊድንና የኢትዮጵያ ባለሙያዎች አብረው ከሠሯቸው ነገሮች በየቤቱ የሚታወቀው ፋፋ ነው። ሕፃን ከጡት ወደ ምግብ ሲሸጋገር የሚጎድለውን ፕሮቲን ለመሙላት የእህልና የጥራጥሬ ዱቄት ከወተት ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከቫይታሚንና ከማዕድናት ጋር ተቀላቀለ። ስሙ ከአገሬው አፍ ተወሰደ፤ ልጅ ሲያምርበት፣ ሲወፍር፣ "ፋፋ" ይባላል። ገንፎው እናት በምታውቀው ምጣኔ ይሠራል። አገሪቱም ፋብሪካ አገኘች፤ የፋፋ ምግብ ፋብሪካ ባለቤትነቱ ቢቀያየርም ከመንግሥታቱ መለዋወጥ ተርፎ ቀጥሏል።

ሁለተኛው ውጤት እንደ ፋፋ አይታወቅም፤ ጥቅሙ ግን ምናልባት ይበልጣል። በ1968 የኢትዮጵያ ምግቦች የንጥረ ነገር ሠንጠረዥ ታተመ። ጤፍ፣ ገብስ፣ እንሰት፣ ሽሮና በርበሬ እየተመዘኑ፣ ምን ያህል ፕሮቲን፣ ምን ያህል ብረት እንዳላቸው ተጻፈ። ከአዘጋጆቹ አንዷ ወጣቷ ሮዛሊንድ ጊብሰን ነበሩ። ጊብሰን ኋላ በኒውዚላንድ ኦታጎ ዩኒቨርሲቲ በዓለም የታወቁ የሥነ ምግብ ተመራማሪ ሆኑ። ከአርባ ዓመት ግድም በኋላም ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲና ከኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በሲዳማ ገጠር የሚበላውን ምግብ አጠኑ።

በ2007 የታተመው ይህ ጥናት የተመለከተው ፋይቴት የተባለውን ንጥረ ነገር ነው። ፋይቴት በእህል ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ ይይዛል፤ ሰው ቢበላውም ሰውነቱ አይጠቀምበትም። ማቡካት ይህን እስራት ይፈታል። ስለዚህ ካልቦካ የበቆሎ ቂጣ ይልቅ የቦካው ምግብ ይሻላል። የኢትዮጵያ እናት እርሾ ስትጥል የምትሠራው ሥራ በቁጥር ተጻፈ። ልውውጥ ሲያምር እንዲህ ነው፤ ወጣቷ ፈረንጅ አዲስ አበባ መጥታ ተማረች፣ ኢትዮጵያውያኑ ኦክላሆማ ሄደው ተማሩ፣ ሁሉም ተመልሰው አንድ ሰሌዳ ላይ ተገናኙ።

ደብረ ብርሃንና መናጫው

ሰሜን ሸዋ ራሱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌላ ምዕራፍ አለው። በ1974 አዲስ አበባን መቀመጫው አድርጎ የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ሀብት ማዕከል፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኢልካ፣ ደብረ ብርሃን ላይ የደጋ ምርምር ጣቢያ ነበረው።

የኢልካ የወተት ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች የደጋዋን ሴት አሠራር ከመተቸት ተመልክቶ ማሻሻልን መረጡ። ባለቤቲቱ ወተቱን ለቀናት አጠራቅማ ታረጋዋለች፤ ከዚያ በመናጫ ስትገፋ ሁለት ሰዓት ይፈጅባታል፤ ቅቤው ሁሉም አይወጣም፣ ከአሬራው ጋር የሚቀር አለ። ባለሙያዎቹ በራሷ በሸክላው መናጫ ውስጥ የሚገባ የእንጨት መምቻ ሠሩ። ጊዜው አጠረ፤ የሚወጣው ቅቤም ጨመረ። ሸክላው ያው ሸክላ፣ ወተቱ ያው ወተት ነው።

ይህን ከዲሜጥሮስ ወፍጮ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ወፍጮው ትልቅ ነበር፤ ባዕድ ሆኖ መጣ፣ ባዕድ ሆኖ ቆመ። መምቻው ትንሽ ነበር፤ የሴቲቱን ዕቃና የሴቲቱን ዕውቀት መነሻ አደረገ። የውጭ ባለሙያ የሚማርበት የልውውጥ ዓይነት ይህ ነው። ወደ ደብረ ብርሃን የሚመጣ የአውሮፓ ተማሪ አስተማሪው የምትሆነው መናጫውን የያዘችው ሴት መሆኗን ካልተረዳ የመጣበት ትኬት ከስሯል።

ጓያና ጌንት

አንዳንዴ ጉዳዩ ከቅቤ መብዛትና ማነስ ያልፋል። ጓያ ድርቅን የሚችል ሰብል ነው፤ ሌላው ሲደርቅ እሱ ይተርፋል። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን በውስጡ ያለው መርዝ እግርን ያሽመደምዳል፤ ሽባ የሆነው ሰው አይድንም። በ1970ዎቹ በደምቢያ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ በወሎ ደላንታ ብዙ ሰው በዚህ ወድቋል። ጓያ በሰሜን ሸዋ ጥቁር አፈር ላይም የሚዘራ ሰብል ነው።

በደላንታው መከራ ጊዜ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች፣ ከነሱም የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት፣ ከቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከፈርናንድ ላምባይን ጋር አብረው ሠሩ። ጥናታቸው በ1999ና በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። የጠየቁት የጓዳ ጥያቄ ነበር፦ ጓያውን እንዴት አድርጋችሁ በላችሁት? እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን የበሉት ዘንድ አደጋው ከፍ አለ። ቅመም ባለው ወጥ መልክ ወይም ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው የበሉት ዘንድ ዝቅ አለ። ከዚህም ለረሃብ ጊዜ የሚሆን ምክር ወጣ፤ ጓያ በሚበላበት አካባቢ የዕርዳታ እህል ቀድሞ ከደረሰ፣ ሰው ጓያውን ብቻውን ከመብላት ይድናል፣ እግሩም ይተርፋል።

ለዚህ ሥራ የደላንታ ገበሬ አነጋገርና የጌንት ቤተ ሙከራ ሁለቱም ያስፈልጉ ነበር። "ንፍሮ" እና "ቆሎ" ልዩነታቸው የማይገባው ሰው ጥያቄውን ሊጠይቅ አይችልም። መርዙን በመሣሪያ ለመለካት የማይችል ሰውም መልሱን ሊያረጋግጥ አይችልም።

ጤፍና ላረንስታይን

አሁን ወደ መራራው ምዕራፍ። በመጋቢት 2003 የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ድርጅት ከኔዘርላንድሱ ላረንስታይን የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ጋር በጤፍ ላይ የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረመ። ከጀርባው ጤፍን በአውሮፓ ለማልማት የሚፈልግ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ነበር። 1,440 ኪሎ ግራም የጤፍ ዘር ተላከ። በዚያው ዓመት ከኩባንያው ወገን የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን የሚመለከት የፓተንት ማመልከቻ ገባ። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ በ2007 ፓተንቱን ሰጠ።

በመካከሉ በ2005 ኢትዮጵያ ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ ኩባንያ ጋር የጥቅም ተጋሪነት ውል ፈረመች። ውሉ በዓለም ላይ ለምሳሌነት ይጠቀስ ነበር። ኩባንያው ግን በ2009 ኪሳራ አወጀ። የኢትዮጵያ ድርሻ ጥቂት ሺህ ዩሮና ተጀምሮ የተቋረጠ ትንሽ የምርምር ሥራ ሆነ። ፓተንቱ ኪሳራ አልወረደም፤ ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ።

ፓተንቱ የያዘው ምን ነበር? ጤፍ ከታጨደ በኋላ ቆይቶ ሲፈጭ ዱቄቱ ለመጋገር እንደሚሻል የሚናገር ሐሳብ ነበረበት። እህል አሳድሮ መፍጨትን፣ ዱቄት መቀላቀልን የሸዋ ባለቤት ሳትማር የምታውቀው ነው። የሄግ ፍርድ ቤትም በኅዳር 2018 ፓተንቱ የፈጠራ ደረጃ የለውም ብሎ በኔዘርላንድስ ውስጥ ዋጋ አሳጣው። ዜናው አዲስ አበባ ላይ በደስታ ተሰማ። ነገር ግን ፍርድ ቤት የተካሰሱት ሁለት የኔዘርላንድስ ኩባንያዎች ነበሩ። ኢትዮጵያ የተጠቀመችው ሌሎች ባደረጉት ክርክር ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት "ከፈረንጅ ጋር አትፈራረሙ" አይደለም። ጓያውን ያጠናው ቡድንም ፈረንጅ ነበረበት። ልዩነቱ ኢትዮጵያዊው ወገን በተቀመጠበት ቦታ ነው። በደላንታ ኢትዮጵያውያኑ ጥያቄ ጠያቂ፣ መረጃ ሰብሳቢና ጸሐፊ ነበሩ። በጤፉ ጉዳይ ዘር አቅራቢ ሆኑ። ዱቄቱን በራሱ ቤተ ሙከራ ለክቶ፣ ውጤቱን በራሱ ስም ቀድሞ ያሳተመ ኢትዮጵያዊ የምግብ ሳይንቲስት ቢኖር ኖሮ ማመልከቻው ገና ሲቀርብ መቃወሚያው በእጅ ይገኝ ነበር። የታተመን ነገር ማንም "እኔ ፈጠርኩት" ሊል አይችልም።

አገሪቱ በ2006 የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 482/1998 አወጣች። ሕጉ አለ። ሆኖም በተግባር ድንበር የሚሻገረው ነገር ብዙ ጊዜ በተማሪ ሻንጣ ውስጥ ያለች አንድ ኪሎ ጤፍ ወይም በጠርሙስ የተቋጠረች እርሾ ናት። ተማሪው ናሙናውን ሲይዝ ፈቃዱንና የናሙና ማስተላለፊያ ውሉን አብሮ ካልያዘ ሕጉ መደርደሪያ ላይ ቀረ ማለት ነው።

የደብረ ብርሃን ፈንታ

ደብረ ብርሃን ዛሬ የገብስ ከተማ ናት። ሀበሻና ዳሸን ቢራ ይጠምቁባታል። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቤልጂየም አንትወርፕ የሆነው ቦርትማልት ብቅል ያመርታል። የቢራ ገብስ እንደ በሶ ገብስ አይደለም። ፕሮቲኑ ከበዛ ፋብሪካው አይቀበለውም፤ ፍሬው ካልበቀለ ብቅል አይሆንም። ገበሬው ዩሪያ ሲያበዛ ምርቱ ይጨምርለታል፤ ፕሮቲኑም አብሮ ይወጣና ከበሩ ይመለሳል። ስለዚህ የገበሬውን ገቢ የሚወስነው የቤተ ሙከራ ወረቀት ነው። ወረቀቱን የሚያነብለት የአካባቢ ባለሙያ ማግኘት ለእሱ የኑሮ ጉዳይ ነው።

ቤልጂየም በበኩሏ የቢራና የምግብ ቴክኖሎጂ ትምህርት አገር ናት። የሌቨንና የጌንት ዩኒቨርሲቲዎች የምግብ ቴክኖሎጂ ማስተርስ በጋራ ይሰጣሉ። የፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ጋር ከ2007 ጀምሮ የረጅም ጊዜ ትብብር ነበራቸው፤ ከባሕር ዳርም ጋር ተመሳሳይ ሥራ አላቸው። ፋብሪካው ደብረ ብርሃን፣ የፋብሪካው ዋና ቤት አንትወርፕ፣ ትምህርቱ ሌቨንና ጌንት ከሆነ መንገዱ ተጠርጓል። ቀሪው መንገዱን በሁለት አቅጣጫ ማስኬድ ነው።

ምክንያቱም ሰሜን ሸዋ የሚያስተምረው ነገር አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ናት። እዚያ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ ወደ 90 ግድም ላይ ነው። ሽንብራው ቶሎ አይበስልም፣ በብርዱ ሊጡ ቶሎ አይቦካም። በባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈ የምግብ ማቀነባበሪያ መጽሐፍ እዚህ እንዳለ አይሠራም። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር፣ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የወረደ ሰው ደግሞ የገብሱን ደጋ፣ የጤፉን ወይና ደጋና የማሽላውን ቆላ በአጭር መንገድ ያልፋቸዋል። እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ በሌቨን በገንዘብ አይገዛም። የአውሮፓ ተማሪ አንድ መንፈቅ እዚህ ቢቀመጥ የሚማረው ብዙ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሳሉ። የመጀመሪያው "የሚሄደው አይመለስም" የሚል ነው። እውነት አለው። ነገር ግን የሐረማያው ታሪክ እንደሚያሳየው የተመለሱት የተመለሱት የሚጠብቃቸው ወንበር፣ ቤተ ሙከራና ተማሪ ስለነበረ ነው። ሚዛን የሌለበት ክፍል ውስጥ ዶክተር ማስቀመጥ ዳግመኛ እንዲሄድ መሸኘት ነው። ለዚህ የሚሻለው ከሙሉ ስኮላርሺፕ ይልቅ የተከፋፈለ ጊዜ ነው፤ ተማሪው እዚህ ተመዝግቦ፣ ለመለካት ለጥቂት ወራት ሄዶ፣ ተመልሶ እዚሁ የሚመረቅበት።

ሁለተኛው "አሁን ጊዜው አይደለም" የሚለው ነው። የአማራ ክልል የሰላም እጦት መንገዱን ዘግቷል፣ የውጭ ተማሪ ሊመጣ ይፈራል፣ ቪዛውም ከብዷል። ይህም እውነት ነው። ይሁን እንጂ የደላንታው ጥናት የተሠራው በተመቸ ጊዜ አልነበረም፤ የተሠራው ሰው እየወደቀ ነው። በርቀት የሚሰጥ ኮርስ፣ በጋራ የሚመራ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ እዚሁ የሚተነተን ናሙና መንገድ እስኪከፈት አይጠብቁም።

የሚቀጥለው የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም ከፎቶው በፊት የሚጠየቅ ነገር ይኑር። ጥያቄውን ያወጣው ማን ነው? ናሙናው በየትኛው ፈቃድ ይወጣል? ከውጤቱ ላይ የመጀመሪያው ስም የማን ነው? ተማሪው ሲመለስ የሚለካበት መሣሪያ የት ተቀምጧል? ትብብሩስ የሚያበቃው መቼ ነው፣ ሲያበቃስ ምን ቆሞ ይቀራል?

መልስ ያለው ሰነድ ይፈረም። መልስ የሌለው ይቆይ፤ ቢዘገይ ምንም አይደል። አንድ የሞረት ወይም የባሶና ወራና ገበሬ ገብሱን ጭኖ ከፋብሪካው በር ሲመለስ "ለምን?" ብሎ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው በሌቨን የተማረ፣ በደብረ ብርሃን የሚሠራ፣ መልሱንም በአማርኛ የሚነግረው ሲሆን ልውውጡ ተሳክቷል ይባላል።